ኮረብታው በስንት ሚሊሜትር?

ለመላው የሰፈራችን ነዋሪ፣ ለአከራይም ለተከራይም፣ አይቶ ለሚያልፈውም ሳያይ ለሚያልፈውም! ቁመቱ ከነጫማው አንድ ሜትር ከሃምሳ ስምንት የሆነ፣ ኮቱ ከትከሻው የሰፋ፣ ጡረታ የወጣ አንድ የጉርድ ፎቶ አንሺ፣ በእህቱ ክፍል ውስጥ ከአልጋው ትራስ እስከ ግድግዳው ባለው ሁለት ሜትር ከሰባ ሳንቲ ሜትር ግዛት ላይ ከዛሬ ጀምሮ በሙሉ ሥልጣን ተሹሟል። በዚሁ ወሰን ውስጥ የሚያዘውን ሁሉ እንድትፈጽሙ! ተቃውሞ ያለው በጽሑፍ ያቅርብ፤ እንደ ሌላው አቤቱታ ሁሉ አይነበብም።

አትሳቁ። ከዚህ በሰፋ መሬት ላይ ተሹመው ከዚህ ያነሰ የሠሩ ሰዎች እናውቃለን።

ሰውዬው ቀና በል ይባላል። እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በአንዲት ጠባብ ስቱዲዮ ውስጥ በርጩማ አስቀምጦ፣ ለመታወቂያና ለመንጃ ፈቃድ የሚመጣውን ሕዝብ «ቀና በል… ቀና በይ… እንዳትተነፍስ» ሲል ኖረ። የዚህ ከተማ ግማሽ ሰው መታወቂያው ላይ ደንግጦ የሚታየው በእሱ ጥፋት ነው። ሌላው ግማሽ ተፈጥሮው ነው። ኋላ ስልክ ሁሉ ካሜራ፣ ባለ ስልክ ሁሉ ፎቶ አንሺ ሆነና ስቱዲዮው ተዘጋ። አሁን ሰው ምሳውን ከመብላቱ በፊት ያነሳዋል፣ ራሱን በቀን መቶ ጊዜ ያነሳል፣ አንዱንም መልሶ አያየውም። ሥልጣኔ ነው ይባላል።

ከስቱዲዮው ዕቃ ቀና በል እምቢ ብሎ ያስቀረው አንድ ጥቁር ሳጥን ነው። ካሜራ ነው፤ ግን እናንተ የምታውቁት ዓይነት አይደለም። ጀርባው ወረቀት የተለበጠ ሰፊ ፊልም ነው የሚበላው። እያንዳንዱ ምስል ስድስት ሳንቲ ሜትር በስድስት ሳንቲ ሜትር፤ ከአንድ ጥቅል አሥራ ሁለት ምስል ይወጣል፣ በቃ። አሥራ ሁለት! የዛሬ ጎረምሳ ለአዲስ ጫማው ከዚያ በላይ ያነሳል። ሲያነሱበት ደግሞ ወደ ፊት አያዩም፤ አንገት ደፍተው ከላይ ወደ ውስጡ ያያሉ፣ ቁልፉ ጉድጓድ ውስጥ እንደወደቀበት ሰው። ሰውን ሁሉ ቀና በል ሲል የኖረው ሰው የገዛ ዕድሜውን በማቀርቀር ፈጀው።

እሑድ እሑድ ከከተማ ይወጣና ኮረብታ፣ ሸለቆ፣ የዝናብ ደመና ያነሳል። ለማን? ለማንም። ሦስት ሌንስ አለው፦ ሃምሳ፣ ሰማንያ፣ መቶ ሃምሳ ሚሊሜትር። ቁጥሩ አያስፈራችሁ። ሃምሳው ሰፊ ነው፤ ሁሉንም ይሰበስባል፣ ሁሉንም ያሳንሳል፤ እንደ ስብሰባ ማለት ነው። መቶ ሃምሳው ሩቁን ይስባል፤ ካለው ሁሉ አንዱን መርጦ ሌላውን ይረሳል፤ እንደ ፍቅር፣ ወይም እንደ ተሾመ ዘመድ። ሰማንያው መሃል ቤት ነው። ዓይን እንደሚያየው ያያል፤ ስለዚህ ማንም አያደንቀውም።

አሁን ወደ እህቱ። በአሥር ዓመት ትበልጠዋለች። እናታቸው ስትሞት እሱ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ በልብስ ስፌት አሳደገችው። የመጀመሪያ ሱሪውን የሰፋችለት እሷ ናት፤ ኮቱንም «ትከሻህ ገና ይሞላል» ብላ አስፍታ ሰፋችለት። ትከሻው አልሞላም። ኮቱን ግን እስከ ዛሬ ለብሶታል፤ ይሞላ ይሆናል ብሎ ይሆናል። ሁለቱም ሳያገቡ ቀሩ፤ አንድ ቤት ውስጥ እየተነቋቆሩ አረጁ። እሷ «አንተ ልጅ» ትለዋለች፣ በስልሳ ሁለት ዓመቱ። እሱ «እታለም» ይላታል። እኔ ከሥራቸው ነው የምኖረው፤ ወለሉ ስስ ስለሆነ ከዚህ በታች የምጽፈው በጆሮዬ የገባ ነው፤ ያልሰማሁትን ቀና በል ራሱ ነግሮኛል።

የስፌት መኪናዋ መስኮቱ ሥር ነበር። አርባ ዓመት ክር ስታስገባ፣ ጠርዝ ስታጥፍ፣ ዓይኗ ሲደክም ቀና ብላ ማዶ ያለውን ኮረብታ ታያለች፤ አናቱ ላይ ሦስት ዛፍ አለው። «ዓይኔን የማስቀምጥበት ነው» ትል ነበር። ከዚያ ፊት ለፊት ባለ አራት ፎቅ ተሠራ። ስሙንም «ውብ እይታ» አሉት። እውነታቸውን ነው፤ እይታውን ጠቅልለው ወስደውታል። ለእሷ የተረፋት ያልተለሰነ ግድግዳና አንድ የሽንት ቤት ቧንቧ ነው። ቧንቧው ደግሞ ሥራ ፈትቶ አያውቅም።

በዚያው ዓመት ደረጃ ላይ ወደቀችና የዳሌዋ አጥንት ተሰበረ። ቀዶ ጥገና ተደረገላት። አጥንቱ ገጠመ፤ የቀረው መነሳትና መራመድ ነበር። እሷ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች።

በሳምንት ሁለቴ የምትመጣ እግር የምታለማምድ ልጅ አለች፤ እጇ ጠንካራ፣ አፏ ከእጇ የጠነከረ። አንድ ቀን ቀና በልን ኮሪደር ላይ አቆመችው።

«ጋሼ፣ ልንገርዎት። አጥንቱ ምንም አልሆነም። ሴትዮዋ ናት እምቢ ያለችው። እስከ ወሩ መጨረሻ ካልቆመች ጡንቻው ያልቃል፣ ከዚያ በኋላ እኔ ብመጣም ለሰላምታ ነው።»

ገባና ለእህቱ ነገራት።

«ተነስቼ ምን ልይ?» አለችው። «የሰው ቧንቧ? እሱን ተኝቼም እሰማዋለሁ።»

ቀና በል ወደ ስፌት መኪናዋ ሄደ። የመኪናዋን መሳቢያ ከፈተ፣ የራሷን ሜትር አወጣ፣ ከትራሷ ጀምሮ እስከ ፊት ለፊቱ ግድግዳ ድረስ ወለሉን ይለካ ጀመር።

«ምንድን ነው? ለሬሳ ሳጥን ነው?»

«ለኮረብታ ነው።»

«ይሄ ልጅ ለየለት» አለች ለግድግዳው።

አልለየለትም። ፎቶ ሰቅሎ የኖረ ሰው የሚያውቀውን ነገር ያውቃል፦ ማንኛውም ፎቶ መቆሚያ ቦታ አለው። ፊልሙ ላይ ያለው ምስል ስንት እጥፍ እንደጎላ ታውቅና ሌንሱን በዚያ ታባዛለህ፤ በዚያ ርቀት ላይ ስትቆም ብቻ ኮረብታው ዓይንህ ያየውን ያህል ይሆናል። ከዚያ ብትርቅ ይኮሰምናል። አንድ ሜትር የሚሰፋ ፎቶ ከዚያች ትንሽ ፊልም ሲታተም፣ ጠርዟ ሲቀነስ አምስት ከግማሽ ሳንቲ ሜትር ስለምትሆን፣ አሥራ ስምንት እጥፍ ነው። በሃምሳው ካነሳኸው ዘጠና ሳንቲ ሜትር ላይ ትቆማለህ። በሰማንያው አንድ ሜትር ከአርባ አራት። በመቶ ሃምሳው ሁለት ሜትር ከሰባ። ከትራሷ እስከ ግድግዳው ስንት ነበር? አዋጁን ያነበበ ያስታውሳል።

በማግሥቱ ጠዋት ሳጥኑን አንግቶ፣ ባለ ሦስት እግሩን ተሸክሞ «ውብ እይታ» በር ላይ ቆመ። ዘበኛው ከላይ እስከ ታች አየው፤ ብዙ ጊዜ አልፈጀበትም።

«ወዴት ነው አባት?»

«ጣራ ላይ።»

«ምን ሊሠሩ?»

«ኮረብታ ላነሳ።»

«ብቻዎን ይችሉታል?»

ተሳሳቁና አስገባው። አራተኛው ፎቅ ላይ ደረጃው ያልቃል፤ ከዚያ ወደ ጣራው የሚያወጣው ግድግዳ ላይ የተበየደ የብረት መሰላል ነው። ዘበኛው ዕቃውን እያቀበለው ወጡ። ላይ ሲደርሱ ኮረብታው ከነሦስት ዛፉ ፊት ለፊት ቆሟል፤ ማንም አልነካውም።

«ይገርምዎታል» አለ ዘበኛው። «ይሄን የሚያይ ሰው ያለ እንዳይመስልዎ። በዚህ ወገን ያሉት ሁሉ መጋረጃቸውን እንደዘጉ ናቸው። ፀሐይ ሶፋ ያነጣል ይላሉ።»

ጣራው ጠርዝ ድረስ ተጠጋ፣ የውኃ ታንከሩ እንዳይገባበት። ጭጋጉ እስኪነሳ ጠበቀ። አንገቱን ደፍቶ አሥራ ሁለቱን ምስል ለሦስቱ ሌንሶች አራት አራት አድርጎ አካፈለ። እንደ እናት ነው ያካፈለው፤ ማንም ቅር እንዳይለው።

ቤት ሲመለስ መታጠቢያ ቤቱን አጨለመ። ከስቱዲዮው የተረፈ ጊዜው ያለፈበት ጥቅል ወረቀት አለው፤ ሲለካው ለሦስት ትልልቅ ፎቶ ብቻ ይበቃል። ማጉያ መሣሪያውን አጋድሞ ብርሃኑን ግድግዳ ላይ ለቀቀው። አንድ ሜትር ወረቀት የሚያስገባ ሳህን ከየት ይምጣ? የዝናብ አሸንዳ ገዝቶ አፉን ደፈነና መድኃኒቱን ሞላበት፤ ወረቀቱን እንደ ምንጣፍ ከአንዱ ጫፍ እየጠቀለለ ከሌላው እየዘረጋ አጠበው። እኔ ታች ሆኜ የሚንጠባጠበውን እሰማለሁ፤ ጣራዬ ላይ እስካሁን ድረስ አንድ ቡናማ እድፍ አለ። ከሩቅ ሲያዩት ኮረብታ ይመስላል።

ከሦስቱ የቱን ያትማል? እዚህ ላይ ነው ሰውዬው የተሳሳተው፤ ስህተቱም የደግ ሰው ስህተት ነው፣ ከክፉ ሰው ስህተት የሚከፋው። እታለም እንዳትቸገር፣ አንገቷ እንዳይዞር፣ አንዲት ጣቷን እንዳታንቀሳቅስ አሰበ። መቶ ሃምሳውን አተመ። ልክ ለትራሷ።

ጠዋት ስትነቃ ግድግዳው ላይ ኮረብታው ነበር። ሙሉ፣ በልኩ፣ ልክ በመስኮቷ ታየው እንደነበረው። ዓይኗን አሸች። ከዚያ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ቆጠረች።

«ሦስቱም አሉ» አለች።

«አሉ፣ እታለም።»

«የግራው ዘሟል።»

«አርጅቷል እኮ።»

ያን ቀን ምሳዋን በላች። ሳቀች። ቀና በል ኮሪደር ላይ ወጥቶ አፍንጫውን ሲጠርግ ሰማሁት፤ ጉንፋን አልነበረም። እሷም በጎኗ ትራስ አስጨመረች፣ ሻይዋን አልጋዋ ላይ አስመጣች፣ ተመቻቸች። አንድ ሳምንት፣ ሁለተኛው ሳምንት ገባ። እግር አለማማጇ መጥታ «እሺ እትዬ፣ ዛሬ እንቆማለን» ስትላት ደህና አድርጋ አሳቀቻት፦

«ምን ያስነሳኛል ልጄ? ድሮ እኔ ነበርኩ ወደ መስኮቱ የምሄደው። አሁን ኮረብታው ራሱ እግር አውጥቶ መጣ።»

ልጅቷ ፎቶውን አየች፣ አልጋውን አየች፣ ቀና በልን ፈለገች።

«ይሄን የሰቀለው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አለ፣ ምስጋና የሚጠብቅ ሰው ደረቱን በሚነፋው ልክ፣ ኮቱ እስኪሞላ ድረስ።

«ያውርዱት።»

«ምን?»

«ያውርዱት ጋሼ! እኔ ሴትዮዋን ከአልጋ ላውርድ እላለሁ፣ እርስዎ ተራራ ተሸክመው አልጋዋ ድረስ ያመጡላታል። አሥራ ሁለት ቀን ነው የቀረን። ከዚያ በኋላ እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ ከዚያ አልጋ ላይ ሆና ነው ፎቶ የምታየው። እሱን ነው የሚፈልጉት?»

አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይባላል። ቀና በል መታጠቢያ ቤት ገብቶ የአሸንዳው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ማንም አላየውም፤ እኔ ግን አሸንዳው ሲንቋቋ ሰምቻለሁ። ሌንስ ሲመርጥ የኮረብታውን መጠን ብቻ የመረጠ መስሎት ነበር። የእህቱን እርምጃም አብሮ መርጦላታል፤ ዜሮ አድርጎ።

ተነስቶ የሃምሳውን ፊልም ብርሃን ላይ ዘረጋና በማጉያ መነጽር አየው። ኮረብታው ጥፍር አክሏል። ከሥሩ ግን ሸለቆው፣ የቆርቆሮው ቤት፣ ጠመዝማዛው መንገድ፣ የትምህርት ቤቱ ሜዳ፣ ሁሉም አለ። ከታች ጠርዝ ላይ ከ«ውብ እይታ» ጀርባ የአንድ ሰው ግቢ ይታያል፤ የልብስ ገመድ ተዘርግቶበታል። ገመዱ ላይ አንድ ሽንሽን ቀሚስ። ትልቅ ፊልም ለዚህ ነው የሚመሰገነው፤ ቀሚሱ አንድ ሚሊሜትር አይሞላም፣ ሽንሽኑ ግን ይቆጠራል። ሲያየው ቆየ። ሽንሽኑን የሰፋውን እጅ ያውቀዋል፤ ያደገው ከእሱ ሥር ነው።

አተመው። መቶ ሃምሳውን አውርዶ እሱን ሰቀለ። ወለሉ ላይ ከግድግዳው ዘጠና ሳንቲ ሜትር ለክቶ በእሷው የልብስ ጠመኔ መስመር አሰመረ።

ከአልጋው ላይ ጩኸት ተነሳ።

«ኮረብታዬን ምን አደረግኸው? በፈላ ውኃ ያጠቡት ሹራብ አስመሰልከው እኮ!»

«አልጠበበም እታለም። አንቺ ነሽ የራቅሽ። እዚህ መስመር ላይ ስትቆሚ ልኩ ይመጣል።»

«አንተ ቆመህ እየው።»

«እኔ አይቼዋለሁ።»

«እንኳን ደስ ያለህ።»

አራት ቀን አላነጋገረችውም። ፊቷን ወደ መስኮቱ፣ ወደ ቧንቧው አዞረች፤ እሱን ከማየት ቧንቧውን መረጠች። ምግቡም እንደ ሄደ ተመለሰ። አምስተኛው ቀን ከምሳ በኋላ ቀና በል ወንበር ስቦ ፎቶው ሥር ተቀመጠና፣ ማጉያ መነጽሩን አውጥቶ፣ ለራሱ እንደሚያወራ ሰው ጀመረ።

«እዚህ ገመድ ላይ አንድ ቀሚስ ተሰጥቷል። ሽንሽን ነው።»

ብርድ ልብሷን እስከ ጆሮዋ ሳበች።

«የአንቺ ስፌት ሳይሆን አይቀርም። የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ የለበሰችው ዓይነት።»

ትራሷን ገለበጠች።

«እኔ ልብስ አላውቅም… ግን ጠርዙ ትንሽ የተንጋደደ ይመስለኛል።»

አልጋው ጮኸ።

«ምን አልክ?»

«ተንጋዷል ነው የምለው። በግራ በኩል ከፍ ብሏል። ያው ያን ጊዜ ዓይንሽም ደክሞ ነበር…»

«የእኔ ጠርዝ ተንጋዶ አያውቅም!»

«ይሄ ግን…»

«አርባ ዓመት! አርባ ዓመት አንድ ሰው ጠርዝ ሊያስተካክል ተመልሶ አልመጣብኝም! አምጣው ወዲህ!»

«ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ ከወረደ ይቀደዳል» አለ። ዋሸ። በመዋሸት ልምድ የለውም፤ ጆሮው ቀላ።

ከዚያ የሰማሁትን ልንገራችሁ። መጀመሪያ አንድ እግር ወለሉን ነካ፤ ባዶ እግር፣ ከብዶ። ከዚያ ሁለተኛው። ከዚያ «ወይኔ!» እና ስድብ፣ ስድቡ ለወንድሟ፣ «ወይኔው» ለዳሌዋ። ከዚያ የመኪናዋ ጠረጴዛ ተንቋቋ፤ ተደግፋዋለች። እርምጃ። ዝም። እርምጃ። ቀና በል ከኋላዋ እጆቹን ዘርግቶ፣ ሳይነካት፣ እሱ ራሱ ሳይተነፍስ እየተከተላት ነበር፤ ይህን ኋላ ነው የነገረኝ። ኮቱ ሰፊ መሆኑ ያን ቀን ጠቅሟል፤ ክንፍ መስሏል።

መስመሩ ላይ ደረሰች። መነጽሩን ከእጁ ነጥቃ አጎነበሰች።

«ነፋስ ነው» አለች።

«እ?»

«ነፋስ ነው ያነሳው፣ አንተ ደነዝ! ሽንሽኑን እየው፣ ወደ አንድ ወገን ተኝቷል። ጠርዙ ቀጥ ያለ ነው! የጸሐፊዋ ቀሚስ ነው፣ የደብተር መያዣ ኪስ ያስወጣችኝ… ለባለ ካሜራ ልብስ ማሳየት!»

«ይቅርታ እታለም።»

«ይቅርታህን…»

አልጨረሰችውም። ቀና ስትል ኮረብታው ፊቷ ላይ ነበር። አሁን ጥፍር የሚያክል አይደለም። ቧንቧው ሳይመጣ የነበረውን ያህል ነው፤ ከሥሩ ሸለቆው፣ ከሸለቆው ሥር መንገዱ፣ እሷ መርፌ ይዛ ያየችው ሁሉ በቦታው።

መነጽሩን መለሰችለት።

«ቦታው ላይ ነው» አለች።

ቀና በል መናገር የሚችለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሲለው የኖረው።

«ቀና በይ፣ እታለም።»

«ዝም በል» አለችውና ወገቧን አቀናች።

እነሆ ሹመቱ የጸደቀው በዚያን ቀን ነው። ዛሬ እታለም ከአልጋ እስከ ግድግዳ፣ ከግድግዳ እስከ በር፣ ከበር እስከ ኮሪደሩ ጫፍ ትሄዳለች። ከትናንት በስቲያ ምርኩዟን ይዛ ደረጃውን ወርዳ የእኔን በር በምርኩዟ መታችና ስለ ጣራዬ እድፍ ይቅርታ ጠየቀችኝ፤ በእሱ ስም፣ እሱን እየሰደበች። ሦስተኛውን ወረቀት ለሰማንያው ላበላሸው ወይ ብሎ ቢጠይቃት «ወረቀት በቃኝ» አለችው። «ዋናውን ማየት እፈልጋለሁ።» ጣራው ላይ መውጣት አትችልም፤ የብረት መሰላል ለዚያ ዳሌ አይሆንም። ደረጃ ግን፣ እያረፈች፣ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ትችላለች። እግር አለማማጇ ልጅም ፈቅዳለች።

ስለዚህ አንተ፣ «ውብ እይታ» ሦስተኛ ፎቅ፣ ከደረጃው በስተግራ፣ በኮረብታው ወገን የምትኖረው፣ ይህን ጽሑፍ ሶፋህ ላይ ተጋድመህ መጋረጃህን ዘግተህ የምታነበው ወዳጄ፤ ሶፋህ እንዳይነጣ ቀና በል ጥቁሩን የስቱዲዮ ጨርቁን ያለብሰዋል፣ ወንበሯንም እሱ ተሸክሞ ይመጣል። ሐሙስ ጠዋት፣ ጭጋጉ ሲነሳ፣ በርህ በምርኩዝ ሲመታ አንድ ነገር ብቻ ነው የምንለምንህ፦ ሄደህ ያን መጋረጃ…